መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ዕቃ፦ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች ስለሚከማቸው አደገኛ ቆሻሻ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ዕቃ ተገዝቶ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ከግምጃ ቤት ወጥቶ በተጠቃሚው እጅ ሲገባም ሞዴል 22 ይፈረምበታል፤ በዚህም ሥርዐት እንኳን ወንበርና ጠረጴዛ፣ መጥረጊያና ባልዲ ሳይቀር ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ነገር ግን ያ ዕቃ በጠርሙስ የታሸገ አሲድ ወይም በቆርቆሮ የመጣ መርዛም ዱቄት የሆነ እንደሆነ፣ ግማሹ በተማሪዎች ሙከራ ከሌላ ጋራ ተዋሕዶ ስሙንና ባሕርዩን ሲለውጥ፣ ግማሹም ከጠርሙሱ ሳይወጣ ዘመኑ ሲያልፍበት፣ ማን ተረክቦ፣ በምን ሰነድ፣ ወዴት እንደሚያደርሰው የሚናገር ቅጠል ወረቀት በብዙው ዩኒቨርሲቲያችን ቢፈለግ አይገኝም። የቤተ ሙከራ አደገኛ ቆሻሻ ነገር በየስብሰባው እየተነሣ፣ በየጥናቱ እየተጻፈ፣ ይህን ያህል ዘመን ሳይፈታ የኖረበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ሥሩ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለመግቢያው ሊቅ የሆነው ሥርዐታችን ስለ መውጫው አላሰበም።

እኔ ራሴ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ የብርጭቆ ዕቃዎቻችንን የምናጥበው በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ቅልቅል ነበር፤ መልኩ የደፈረሰ ብርቱካን የሚመስል፣ ቅባትን ሁሉ የሚበላ፣ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠው ባለስድስት ክሮሚየም ያለበት ፈሳሽ ማለት ነው። ቅልቅሉ አርጅቶ ወደ አረንጓዴነት ሲያደላ ምን እናድርገው ብለን የጠየቅናቸው የቤተ ሙከራው ረዳት፣ በዕድሜ የገፉ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ደግ ሰው፣ «ልጆቼ፣ ውሃ ክፈቱበትና ድፉት፤ የሚሄድበትን እሱ ያውቃል» አሉን። እኛም ደፋነው። ይህን የማነሣው እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእሳቸው በላይ ከነበሩት አንድ ስንኳ ሌላ መልስ የሰጣቸው አልነበረምና።

የዩኒቨርሲቲ ቆሻሻ ከፋብሪካ ቆሻሻ በምን ይለያል የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ መልሱ በመጠንና በዐይነት ይለያል የሚል ነው። የቆዳ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ የሚያፈሰው ያንኑ የክሮሚየም ውሃ ስለሆነ፣ አንድ የማጣሪያ ጣቢያ ቢሠራለት ነገሩ ያልቃል። ቤተ ሙከራ ግን በጥር ወር የብረት ጨዎችን፣ በየካቲት ክሎሮፎርምንና ፌኖልን፣ በመጋቢት ሳያናይድን ሊያወጣ ይችላል፤ እያንዳንዱ በግራምና በጠርሙስ የሚቆጠር ጥቂት ነገር ሲሆን፣ ዐይነቱ ግን በመቶ የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህም ለአንዱ የተሠራ መፍትሔ ለሌላው አይሆንም። የሕክምናው ክፍል ፎርማሊን፣ የግብርናው ክፍል የፀረ ተባይ ናሙና፣ የአፈር ምርመራው ክፍል ደግሞ ናይትሮጅንን በጥንቱ ዘዴ ሲለካ ባዜቃ (ሜርኩሪ) ያለበት አሲድ ያወጣል።

የነገረ መለኮት መምህራን ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ሲያስተምሩ ቱሳሔን ከውላጤ ለይተው ይናገራሉ፤ ቱሳሔ እንደ ማርና እንደ ውሃ መደባለቅ ሲሆን፣ ውላጤ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት እንደሆነች የባሕርይ መለወጥ ነው። የቃላቱ ቦታ ሌላ መሆኑን ሳልዘነጋ ለጊዜው ብዋሳቸው፣ የቤተ ሙከራ ተማሪ ትልቁ ስሕተት በቆሻሻው ጠርሙስ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ቱሳሔ ብቻ አድርጎ ማሰቡ ነው እላለሁ። የተረፈ ናይትሪክ አሲድ አልኮል በነበረበት ጠርሙስ ተጨምሮ ክዳኑ ሲጠበቅ፣ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ተማሪው እጁን ታጥቦ፣ ነጭ ካፖርቱን ሰቅሎ፣ ወደ ምሳው ይሄዳል፤ ሁለቱ ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ እየተፋጩ ሙቀትና ጋዝ ያወጣሉ፣ ጠርሙሱም ከሰዓታት በኋላ ማንም በሌለበት፣ ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ባለችበት ይፈነዳል። በዚህ ዐይነት የተሰበሩ መስኮቶችና የቆሰሉ ሰዎች በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ ውስጥ ብዙ ናቸው። ሳያናይድ ከአሲድ ጋራ ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ይገድላል፤ የልብስ ማንጫ በረኪናም ከአሲድ ጋራ ሲደባለቅ ክሎሪን ይወልዳል፤ ይህንኛውን ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባትም አያስፈልግም።

ስለዚህ የአያያዙ ሕግ መጀመሪያው መለየት ነው፤ ክሎሪን ያለባቸው መሟሚያዎች ለብቻ፣ እንደ አሴቶንና እንደ ሄክሴን ያሉት ለብቻ፣ አሲድ ለብቻ፣ አልካሊ ለብቻ፣ ከባድ ብረቶች ለብቻ ይቀመጣሉ፤ በየጠርሙሱም ላይ ምን እንዳለበት፣ መቼ እንደተጀመረ፣ የማን እንደሆነ በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ አንድ እስክሪብቶና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይበቃዋል። ስመ ቢስ ጠርሙስ ግን፣ ምንነቱ ሳይመረመር ማንም ሊያክመው ስለማይችል፣ ምርመራው ብቻ ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ሰው ጥበቃ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ካረን ዌተርሃን፣ የመርዛማ ብረቶች ሊቅ ሲሆኑ፣ በነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 1996 ዳይሜትል ሜርኩሪ የተባለው ፈሳሽ በላቴክስ ጓንታቸው ላይ ጠብ አለ፤ ጠብታው ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም፣ ጓንቱም ደንቡ ያዘዘው ጓንት ነበር። በሰኔ ወር እ.ኤ.አ. 1997 ዐረፉ። በኋላ ሲፈተን፣ ፈሳሹ ያንን ጓንት ሰንጥቆ የሚያልፈው በ15 ሰኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በኛ አገር አንድ ጓንት ታጥቦ ለሦስተኛ ተማሪ ሲተላለፍ ያየሁ እንደ መሆኔ፣ ጓንት ማጥለቅ ብቻ ጥበቃ እንዳልሆነ፣ ለየትኛው ነገር የትኛው ጓንት እንደሚገባ ማወቅም የትምህርቱ ክፍል እንደሆነ ሳልናገር ማለፍ አልወድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። መውጫ ያልተሠራለት ነገር መውጫ አያጣም፤ ራሱ ይፈልጋል። ከቤተ ሙከራ የሚወጣውም ቆሻሻ ሦስት መንገዶች አሉት፤ ውሃ፣ አየርና መደርደሪያ።

የውሃው መንገድ ጋሼ ያሳዩን ነው። አዲስ አበባ ላይ ከመታጠቢያው ሳህን የወረደው፣ የፍሳሽ መስመር ካላገኘው ወይም መስመሩ ከተሰነጠቀ፣ ከወንዞቹ በአንዱ በኩል ወደ አቃቂ ይደርሳል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ። በመካከሉ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አለ፤ በዚያ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውንም ያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል። ለፍርድ እንዲመች መናገር ያለብኝ፣ ለአቃቂ መበከል ፋብሪካዎቹና የከተማው ፍሳሽ የሚሸከሙት ድርሻ ትልቁ መሆኑን ነው፤ የቤተ ሙከራ ድርሻ ከዚያ አጠገብ ትንሽ ነው። ሆኖም አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። የወንዝ ውሃ ምን ያህል እንደተበከለ ለማወቅ ከሚደረጉት ምርመራዎች አንዱ፣ ውሃው የሚፈልገውን ኦክሲጅን በኬሚካል የሚለካው ዘዴ፣ በተለመደው ሥርዐቱ ዳይክሮሜት፣ ሰልፈሪክ አሲድ፣ የብር ሰልፌትና የባዜቃ ሰልፌት ይጠቀማል። እንግዲህ ተማሪው ከአቃቂ በጠርሙስ የቀዳውን ውሃ መርምሮ መበከሉን በመመረቂያ ጽሑፉ ካስረዳ በኋላ፣ የምርመራውን ትራፊ በሳህኑ ላይ የደፋው እንደሆነ፣ ባዜቃና ክሮሚየም ጨምሮ ለዚያው ወንዝ መለሰለት ማለት ነው።

ሶዲየም አዛይድ የተባለው ደግሞ፣ በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራዎች ናሙና እንዳይበላሽ በጥቂቱ የሚጨመር ነጭ ጨው፣ በመዳብ ወይም በእርሳስ ቧንቧ ውስጥ ዘወትር ሲፈስ ከብረቱ ጋራ ተዋሕዶ ፈንጂ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧውን ሊጠግን የመጣው ሰው፣ ስለ አዛይድ ሰምቶ የማያውቀው ሰው፣ በመፍቻው ሲመታው ይፈነዳበታል።

የአየሩ መንገድ አጭር ነው። ተማሪዎች ሁድ በሚሉት የጢስ መሳቢያ ውስጥ ክሎሮፎርሙን ወይም ኤተሩን ክፍቱን አስቀምጦ እስኪተን መጠበቅ፣ ማስወገድ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው፤ መሳቢያው በማይሠራበት ቤት ደግሞ ወደ ራስ ሳንባ ማሻገር ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ መደርደሪያው፣ ከሁሉ ይልቅ የኛ ነው፤ በእሱም ላይ ትንሽ ልቆይ። ኤተር ከአየርና ከብርሃን ጋራ ሲቆይ ፐርኦክሳይድ ይሠራል፤ ጠርሙሱ ዓመታት ካለፉት በኋላ በክዳኑ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ቅርፊት፣ በመክፈት ጥቂት ፍትጊያ ሊፈነዳ የሚችል ነው። ለሕብረ ሕዋስ ናሙና ማቆያ በሚውለው በቡዌን ፈሳሽ ውስጥ የሚገባው ፒክሪክ አሲድም፣ እርጥብ እያለ ገራም ሲሆን፣ ሲደርቅ ከወታደር ፈንጂ የሚመደብ ነው፤ ክዳኑ የብረት ከሆነማ ከብረቱ ጋራ የሚሠራው ጨው ከራሱ ይብሳል። የቤይሩት ወደብ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የፈነዳው በሌላ ነገር አልነበረም፤ 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት፣ ሁሉም እያወቀው፣ ደብዳቤም እየተጻጻፈበት፣ ማንም ሳይረከበው ስድስት ዓመት ያህል በመጋዘን ስለተቀመጠ ነው። በቤጂንግ ጂያኦቶንግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሦስት ተማሪዎች የሞቱበትም ፍንዳታ የተነሣው፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ማግኒዚየም ዱቄት ተከማችቶ በሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ልጆቹ ያጠኑ የነበሩት ደግሞ ከቆሻሻ ክምር የሚወርድ ፍሳሽ እንዴት እንደሚጣራ መሆኑ ልብ ይሰብራል።

ይህ መደርደሪያ እንዴት ሞላ? በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት ሲጀምር፣ ቀጥሎም የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲከፈቱ፣ ቤተ ሙከራዎቹ ጥቂት፣ ተማሪዎቹም በስም የሚታወቁ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው፤ በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረውም የ70 ለ30 ምደባ፣ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ የወሰነው፣ ቤተ ሙከራን ከተማሪው ብዛት ጋራ እንዲሮጥ አስገድዶታል። የኬሚካል ግዥ በጨረታ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ጨረታውም ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ፣ ያዘዘው መምህር ዳግመኛ እንዳይቸገር የአምስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ያዝዛል፤ ዕቃው ሲደርስ እሱ ለትምህርት ወደ ውጭ ሄዷል፤ የተተካውም ሌላ ሙከራ ያስተምራል። ባዕዳን ዩኒቨርሲቲዎች በስጦታ የሚልኩት ሣጥንም አለ፤ ከሣጥኖቹም ውስጥ ዘመኑ ሊያልፍ ጥቂት ወር የቀረው የማይጠፋበት ጊዜ የለም። ስጦታን መመለስ ነውር ስለሚመስለን በሞዴል 19 ተቀብለን በእልልታ እናስገባዋለን።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማመንጨትን፣ ማከማቸትን፣ ማጓጓዝንና ማስወገድን ከልክሏል፤ ከዚያም ራሱን የቻለ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል። ከአገር ውጭም ኢትዮጵያ የባዝልንና የባማኮን ስምምነቶች ተቀብላለች፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1989 የተደረገ፣ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር የሚሻገረው ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ተነግሮት ሲፈቅድ ብቻ እንዲሆን የሚደነግግ፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1991 አፍሪቃውያን የባዕድ ቆሻሻ ወደ ክፍለ ዓለማቸው እንዳይገባ የከለከሉበት ነው። ከባዕድ ለሚመጣው በር ቆልፈናል፤ የራሳችን ግን ቤት ውስጥ ነው።

ሕጉ ያልደረሰበትን ለማየት ከአካባቢ አዋጆች ይልቅ የንብረት አዋጁን መመልከት ይሻላል። በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የመንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 የማያገለግል ንብረት እንዴት እንደሚወገድ ደንግጎ ነበር፤ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴም ይቋቋማል፤ የኮሚቴው የለመደው መንገድ ግን የጨረታ ሽያጭ ነው፤ ያረጀ መኪና፣ የተሰበረ ወንበር፣ ብረታ ብረት። ዘመኑ ያለፈ ሳያናይድ ለጨረታ ሊቀርብ አይችልም፤ ሊቀበርም ቦታ የለውም፤ ሊሰረዝም ፈራሚ የለውም፤ ምክንያቱም የፈረመ ሰው ነገ የመንግሥት ንብረት አጠፋህ ቢባል የሚመልሰው የለውም። ስለዚህ አስተዋዩ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ጠርሙሱን አቧራውን እየጠረገ ያቆየዋል፤ በመዝገቡም ላይ እንደ ሕያው ንብረት ይቆጠራል። ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም፤ ሥርዐቱ ከሳሽ ሊሆንበት እንጂ ተረካቢ ሊሆንለት አልተዘጋጀም።

ተረካቢ ይኑር ብንል ደግሞ ወዴት ያደርሰዋል? ኢትዮጵያ ለዘመናት ተከማችቶባት የነበረውን ያረጀ የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ለአንበጣና ለተምች መከላከያ በግዥም በእርዳታም መጥቶ የተረፈውን፣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት ለማስወገድ በተነሣች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ያህሉ እየታሸገ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ነው በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለው። ያን ያህል የተኬደው አገር ውስጥ ምድጃ ስላልነበረ ነው። ክሎሪን ያለበትን ቆሻሻ መርዛም ጢስ ሳያወጣ ለማጥፋት ቢያንስ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ነፍሳት ካጠፋው ከአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር አጠገብ፣ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የረጲ ማቃጠያ ጣቢያ የተሠራው ለከተማው ደረቅ ቆሻሻ ነው፤ የቤተ ሙከራ መርዝ እንዲቀበል አልታሰበም። በየግቢው ጀርባ በጉድጓድ የሚነደው እሳት ደግሞ መርዙን ወደ ጢስና ወደ አመድ ይከፍለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ ችግር የድህነት ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ አሜሪካ መመልከት ይጠቅማል። በዚያ አገር የአደገኛ ቆሻሻ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ የታሰበው ለፋብሪካ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ጠርሙሶች፣ በየሴሚስተሩ የሚለዋወጡ ተማሪዎችም ላሉበት ዩኒቨርሲቲ ልኩ አልሆነም፤ ለዩኒቨርሲቲዎች የተስማማው አማራጭ ደንብ የወጣው ከ32 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የዚያ ደንብ ብልኅነቱ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሲወጣ ቆሻሻው በየቤተ ሙከራው ከስድስት ወር በላይ ሳይቆይ እንዲነሣ ካዘዘ በኋላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ መደርደሪያውን ጠርጎ አሮጌውን ለሚያወጣ ክፍል፣ ያ ብዛት የሕጉን ግዴታ እንዳያከብድበት ፈቀደለት። ማለት፣ ላጠራቀመ ሰው ሳይሆን ለገለጠ ሰው አደላለት። የኛ ሥርዐት ተቃራኒውን ያደርጋል።

ከሚቻለው ልጀምር። አንደኛው መንገድ ቆሻሻውን ከመነሻው ማሳነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሜዮ፣ ፓይክና በቸር የተባሉ አሜሪካውያን መምህራን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሙከራ በሚሊግራም መጠን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ፤ የደቡብ አፍሪቃው የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲም ለትምህርት ቤት የሚሆኑ በእጅ መዳፍ የሚያዙ የሙከራ ሣጥኖችን አዘጋጅቷል። በ50 ሚሊ ሊትር ይሠራ የነበረ ሙከራ በጠብታ ቢሠራ፣ የሚማረው ነገር አይቀንስም፤ የግዥውም የቆሻሻውም ዋጋ ግን ይወርዳል። ሁለተኛው ሊታከም የሚችለውን እዚያው በመምህር እጅ ማከም ነው። ያ ጋሼ ያስደፉን ባለስድስት ክሮሚየም፣ በአሲድነቱ ላይ ሳለ ባይሰልፋይት ቢጨመርበት መርዙ ወደ ቀለለው ወደ ባለሦስቱ ይለወጣል፤ ከዚያ በኖራ ሲገራ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ባልዲ የማይሞላ ዝቃጭ በዓመት ለማስቀመጥ የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ይህ ራሱ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው፤ ለምን ለፈተና እንደማይቀርብ አልገባኝም።

የቀረውን፣ በየግቢው ሊታከም የማይችለውን፣ ለማጥፋት አገሪቱ ያላት ትልቅ ሙቀት የሲሚንቶ ፋብሪካዎቿ ምድጃ ነው፤ በምድጃው ውስጥ ድንጋዩ የሚጋገረው 1,450 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የባዝል ስምምነት አባላትም አደገኛ ቆሻሻ በሲሚንቶ ምድጃ እንዴት እንደሚቃጠል መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 አጽድቀዋል። ባዜቃ ግን በሙቀት ስለሚተን ወደዚያ መግባት የለበትም፤ ፈንጂም እንደዚሁ። ምድጃው ቢፈቀድም፣ ከየዩኒቨርሲቲው ጠርሙሶቹን ፈሳሽ በሚመጥ ነገር እየሸፈነ በበርሜል የሚያሽግ፣ የሚያጓጉዝ፣ በስሙም የሚፈርም አንድ የመንግሥት አካል ያስፈልጋል፤ ለ40 ዩኒቨርሲቲ 40 ማቃጠያ መትከል ብክነት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ገበዝ ሲለወጥ ንዋየ ቅድሳቱ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይረከባል፤ ጽናው ከነሰንሰለቱ፣ መቋሚያውና ጸናጽሉ ሳይቀር። በዩኒቨርሲቲዎቻችንም መምህር ሲለቅ ማይክሮስኮፑና ኮምፒዩተሩ ይቆጠራል፤ ጠርሙሶቹ ግን አይቆጠሩም። ጠርሙስ ቆጥሮ መረከብን ለመጀመር አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የክፍል ኀላፊው ነገ ሊያዝዘው ይችላል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የቤተ ሙከራ መምህር ወይም ረዳት ቢኖር አንድ ልመና አለኝ። መደርደሪያዎን ሲቆጥሩ ክዳኑ ቅርፊት የያዘ የኤተር ጠርሙስ፣ ወይም ደርቆ ከታች የተጋገረ ቢጫ ፒክሪክ አሲድ ቢያገኙ፣ አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱት፣ አያጥቡትም፤ ሰዎቹን አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለፖሊስ የፈንጂ ባለሙያዎች ያስታውቁ።